የቀልድ ዘመድ የዘይት ብሎን

ኤቫሪስት ባሙኒ መኪና የሚጠግነው ኩዱጉ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከእኔ ቶርኖ ቤት አጠገብ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ነው። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፤ መሣሪያውን ማታ ማታ እኔ ዘንድ ያሳድራል። እጁ ቀርፋፋ ነው ይሉታል። ቀርፋፋ ያደረገው ግን አለማወቅ አይደለም፤ የዘጋውን ነገር ተመልሶ መክፈት ይጠላል። ብሎን ሲያስር ሁለት ጊዜ ያስባል፣ አንዴ ያስራል። እኔ ዞንጎ ብረት እቀርጽለታለሁ፣ እሱ ይገጥመዋል። በዚህ ዓይነት ጎን ለጎን አርጅተናል።

አንድ ጠባይ ግን አለው። ቢሳ ካየ ምላሱ ይፈታል።

እሱ ጉሩንሲ ነው። ጉሩንሲና ቢሳ የሚባሉት ሁለት ነገዶች በእኛ አገር የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ በተገናኙበት ቦታ መሰዳደብ ግዴታቸው፣ መቆጣት ነውራቸው ነው። ጉሩንሲው ቢሳውን "አሽከሬ" ይለዋል፤ ቢሳውም ያንኑ ይመልስለታል። ቢሳ ኦቾሎኒ ካየ እናቱን ይረሳል ይባላል። ጉሩንሲ ደግሞ የውሻ ራስ ከተቀቀለበት ግቢ በዱላ ካልሆነ አይወጣም ይባላል። ለቅሶ ቤት እንኳ አይተዉትም፤ አስከሬን ፊት ተሰዳድበው ሐዘንተኛውን ሳይወድ በግዱ ያስቁታል። እኔ ሞሲ ስለሆንኩ በዚህ ውስጥ ድርሻ የለኝም። ቁጭ ብዬ መስማት ብቻ።

የኤቫሪስት ዋነኛው ቢሳ ሳልፎ ባንሴ ነበር። ከጋራንጎ መጥቶ ኩዱጉ የከረመ፣ እዚሁ ሚስት ያገባ ሰው ነው። በናፍጣ የምትሄድ አሮጌ ፔጆ 504 አለችው፤ ከኋላ ሸራ ለብሳለች፣ ሽንኩርት ትጭናለች። መኪናዋ ከሄደች የሳልፎ ቤት ይበላል፤ ከቆመች አይበላም። ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ይህን ኤቫሪስት ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስለዚህ እየሰደበው ይጠግንለታል።

በሽንኩርት ወራት አንድ ጠዋት ሳልፎ መጣና ከዛፉ ሥር አቆመ።

"አንተ ውሻ በላ፣ ገና አልሞትክም?" አለ ከመሪው ላይ ሳይነሳ።

"ቀብረኸኝ መቃብሬ ላይ ኦቾሎኒ ልትዘራ ነው? ውረድና እጅ ንሳ፤ ጌታህ ፊት ነው የቆምከው።"

"ጌታዬ ዘይት ይቀይርልኝ እንግዲህ። ቶሎ በል፣ ሬዮ ላይ ሽንኩርት ተቆልሎ ይጠብቀኛል።"

ኤቫሪስት ጆንያውን አንጥፎ መኪናዋ ሥር ገባ። ከሞተሩ ግርጌ ያለውን የዘይት ቋት እኛ ኮፓ እንለዋለን፤ ከሥሩ አሮጌው ዘይት የሚወርድበት ብሎን አለ። ጤነኛ ብሎን አንዴ "ቀጭ" ብሎ ከላላ በኋላ በጣት ይዞራል። ይሄኛው ግን አሸዋ እንዳለበት ወፍጮ እየፈጨ መጣ፤ ከዚያ በድንገት ባዶ ሆነና እጁ ላይ ወደቀ። ኤቫሪስት ዘይቱን ወደ ጎማ ድስቱ ለቀቀና ብሎኑን በጨርቅ ጠረገው። በጥርሱ መሐል ነጭ የአሉሚኒየም ክር ተጠምጥሞበታል። ጣቱን ወደ ቀዳዳው ሰደደ፤ ጥርስ መኖር የነበረበት ቦታ ልሙጥ ነው።

የዚህች መኪና ኮፓ አሉሚኒየም፣ ብሎኑ ብረት ነው። ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። በመፍቻው እጀታ ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ ጉልበት ጨምሮ ያጠበቀ ሰው ብሎኑን ሳይሆን ኮፓውን ይገድላል።

ኤቫሪስት ከሥር ወጣ። "ማነው ይሄን ያጠበቀው?"

"አንተ ነሃ! መኪናዬን ሌላ ማን ይነካል?"

"እኔ ቱቦ ሰክቼ አላጠብቅም። ይሄ በቱቦ የተጠበቀ ነው።"

"ሰዎች፣ ስሙልኝ!" አለ ሳልፎ ወደ መናኸሪያው ዞሮ። "ጉሩንሲ ያበላሸውን ሁሉ ለቢሳ ያሸክማል!"

ጫኝና አውራጁ ሁሉ ሳቀ። ኤቫሪስትም ሳቀ። እየሳቀም ነው እንዲህ ያለው፦ "ይሄ ብሎን ሞቷል። ኮፓው ውስጥ ጥርስ የሚባል የለም። ዛሬ መኪናዋን ተዋት፤ ዞንጎ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ብሎን ይቀርጽልናል፣ ከሰዓት በኋላ ትወስዳታለህ።"

"አየህ! ቢሳ ሊጠቀም ሲል የጉሩንሲ ዓይን ደም ይለብሳል። ሽንኩርቱ ይበስብስ፣ አንተ ብሎን ታስቀርጽ?"

"አሽከር አይከራከርም።"

"አሽከርህ ካልሄደ ማን ያበላሃል?"

እንግዲህ የቀልድ ዘመድ የለመነህን መከልከልም በዚያው ሥርዓት ነውር ነው። ኤቫሪስት ራሱን ነቀነቀና ቃጫ በብሎኑ ጥርስ ላይ ጠመጠመ፣ ሳሙና ቀባው፣ በእጁ ስሜት እየለካ አስገባው፤ ለጥንቃቄም በቀጭን ሽቦ ሸብ አደረገው። አዲስ ዘይት ሞላ።

"ሬዮ ደርሰህ ትመለሳለህ፤ ከዚያ ቀጥ ብለህ ወደ እኔ። ከዚያ አልፈህ ከሄድክ ሞተርህን አስፋልት ላይ ትተኸው ትመጣለህ።"

"እሺ ጌታዬ! እኔ ሞተሬን አንጠባጥባለሁ፣ አንተ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየለቀምክ ትግጣለህ!"

ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የማንም አዲስ ስህተት አይደለም፣ የእኛው አገር ስህተት ነው። ኤቫሪስት ለሳልፎ "መኪናህ ዛሬ ትሞታለች፣ እኔ ተዝካሯን እበላለሁ" ሳይለው የሄደበት ቀን የለም። ስለዚህ እውነተኛው "ትሞታለች" በመጣ ጊዜ ከሌላው ጋር አንድ መልክ ነበረው። ድምፁም ያው፣ ሳቁም ያው። ሳልፎ ምን ለይቶ ይስማ?

እኩለ ቀን ሲሆን ፔጆዋ ከሬዮ ተመለሰች። ሽንኩርቱ ከሸራው ብረት በላይ ተቆልሏል፤ የኋላ ጎማዎቿ ሊፈነዱ ደርሰዋል። ኤቫሪስት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ። ፔጆዋ አልቆመችም። ጡሩምባ ተነፋ፣ ሳልፎ በመስኮት እጁን አወጣና የኦቾሎኒ ልጣጭ በተነብን፤ ከዚያ ወደ ሳቡ ከተማ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ። በሳቡ መንገድ መታጠፍ ማለት ከሳቡም አልፎ ቦሮሞ ድረስ መሄድ ማለት ነው።

ኤቫሪስት መኪናዋ ፍጥነት ወደ ቀነሰችበት ማዕዘን ሄዶ ጎንበስ አለ። ጣቱን መሬት አስነክቶ አሻሸውና አሳየኝ።

"የዛሬው ዘይት ነው" አለ።

ጠብታው እየተራራቀ በአስፋልቱ ላይ ተሰልፏል። ገና ጠብታ ነው። ሞተር ሲግል ግን ዘይት ይቀጥናል፤ ቃጫውም ይርስና ይላላል። ከሳቡ ወዲያ ጠብታው ጅረት ይሆናል፣ ከዚያ ብሎኑ ራሱ ይወድቃል። ዘይት ያለቀበት ሞተር ደግሞ ሲጋራ አጭሰህ ሳትጨርስ ደርቆ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቀራል። የማስጠንቀቂያው መብራት አያድንም ወይ ትሉ ይሆናል። መብራቱ ሁልጊዜ እየበራ ስለሚያሰለቸው አምፖሉን ሳልፎ ራሱ ነቅሎታል።

ኤቫሪስት ስልኩን አወጣ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"አቁም። ሞተሩን አጥፋ።"

"አሽከሬ! ገና ከመሄዴ ናፈቅኩህ?"

"የምሬን ነው። ብሎኑ እየለቀቀ ነው፣ ዘይት እያፈሰስክ ነው።"

"ኧረ 'የምሬን ነው' አለ!" ሳልፎ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ነው የሚናገረው። "ስማው፣ ስማው፣ ጉሩንሲ ሲምል ሰምተህ ታውቃለህ?"

"በአባቴ መቃብር እልሃለሁ!"

"በየትኛው አባትህ? የውሻ ጭንቅላት አጥንት አንቆት በሞተው?"

ኤቫሪስት ከንፈሩን ነከሰ። አየሁት፤ ሊይዘው ታገለ። አልቻለም፣ ፈንድቶ ሳቀ። የኖረበት ልማድ ነው፣ አፉ ከእሱ ቀድሞ ይሄዳል። ሳልፎ ያንን ሳቅ ሲሰማ ነገሩ አለቀ። "ደህና ዋል፣ ጌታዬ!" ብሎ ዘጋው።

እኔ በራሴ ስልክ ደወልኩ።

"ሳልፎ፣ ዞንጎ ነኝ። እውነቱን ነው የነገረህ።"

"ዞንጎ፣ አንተንም ገዛህ? በስንት ጣሳ ኦቾሎኒ?"

ሦስተኛውን ጥሪ አላነሳም።

ኤቫሪስት አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ሳቅ ከፊቱ ጠፍቷል። "ያቺ መኪና ከቆመች ልጆቹን ምን ያበላቸዋል?" አለ። "ነግሬዋለሁ ብዬ እጄን ልታጠብ? እኔ ነኝ በቃጫ አስሬ የለቀቅኩት።"

"አልታመንክማ።"

"ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው?"

"ደህና ሰው ነህ። ግን ጉሩንሲ ነህ" አልኩት። "ይልቅ ሳልፎ የማይቀልድበት ሰው ማን አለው? እሱን አስብ።"

ሚስቱ? ከሚስቱ ጋር ሲሳሳቁ ነው የሚውሉት። ወንድሞቹ? ጋራንጎ ናቸው። ሁለታችንም እኩል ብድግ አልን።

"አማቱ!"

የሳልፎ አማት አባ ራስማኔ ኒኪየማ ሳቡ ሳይደረስ መንገድ ዳር ነው ቤታቸው። ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእኔ መንደር ሰው በመሆናቸው ስልካቸው አለኝ። በአማት ደግሞ አይቀለድም። አማትህን ቀና ብለህ አታይም፤ ሰላም ስትላቸው ቁጢጥ ትላለህ፤ ያሉህን ታደርጋለህ።

"አባ ራስማኔ፣ እንደምን ዋሉ? ዞንጎ ነኝ፣ የቶርኖ ቤቱ። ሳልፎ ሽንኩርት ጭኖ በእርስዎ በኩል እያለፈ ነው።"

"ምን ሆነ?"

"የኮፓው ብሎን ጥርሱ ተበልቷል፤ ዘይቱን እያፈሰሰው ነው። ቢነገረው አላምን አለ።"

"ማነው የነገረው?"

"ኤቫሪስት።"

"ጉሩንሲው?"

"አዎ።"

"ታዲያ እንዴት ብሎ ይመን?" አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሌላ ማብራሪያ አልጠየቁም፤ የሹፌር ጆሮ ነው። እኔ ወደ ቶርኖዬ ገባሁ። ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ወፍራም ብሎን ነበረኝ፤ አሳጠርኩት፣ አንገቱን አቀጠንኩት፣ ኤቫሪስት ባለው የጥርስ ማውጫ፣ ማለት የቀዳዳን ጥርስ በሚቀርጸው መሣሪያ፣ ልክ አዲስ ጥርስ ቀረጽኩበት። ኤቫሪስት የጥርስ ማውጫውን፣ ግራሶውን ማለትም ወፍራሙን ቅባት፣ ከብሎን ራስ ሥር የሚገባ ሮንዴላ የሚባል የመዳብ ቀለበትና አንድ ጋሎን ዘይት በጆንያ ጠቀለለ። በሞተር ሳይክሌ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ጠብታውን እያየ ነው የሄደው። "ቀረበ" ይለኛል። ጠብታው እየተቀራረበ ነው ማለቱ ነው። ትንሽ ቆይቶ "መስመር ሆነ" አለ።

ሳቡ አጠገብ ስንደርስ ፔጆዋ መንገድ ዳር ቆማለች። እንዴት እንደቆመች በኋላ ነው የተነገረን። አባ ራስማኔ ወንበራቸውን ከጥላው አንስተው አስፋልቱ መሐል አስቀምጠው ተቀምጠውበታል። የሌላው መኪና ሹፌር ጡሩምባ እየነፋ፣ እየተሳደበ በጎን አልፏል፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ሳልፎ መጥቶ አማቱን መንገድ መሐል ተቀምጠው ሲያይ ፍሬኑን ረግጦ ዘለለና አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ አለ።

"ሞተሩን አጥፋ።"

"እሺ፣ አባባ።"

"አሁን ሥሯን እይ።"

አየ። ቃጫው ከብሎኑ ዙሪያ ወጥቶ እንደ ፍየል ጺም ተንጠልጥሏል፤ ዘይቱ በጺሙ ላይ ይወርዳል። ብሎኑን የያዘው የኤቫሪስት ሽቦ ብቻ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ቢመዝዝ የረጠበው ጫፉ ብቻ። ሞተሩ ገና አልነከሰም።

እኛ ስንደርስ ሳልፎ ከመኪናዋ ጎን ቆሟል፤ አባ ራስማኔ ወንበራቸውን ወደ መኪናዋ አስጠግተው ተቀምጠዋል። ኤቫሪስት ከሞተር ሳይክሉ ወረደ። አፉን ከፈተ፣ አዛውንቱን አየ፣ ዘጋው።

"እንደምን ዋልክ፣ ሳልፎ" አለ።

ስሙን እንዲያው ባዶውን ሲጠራው ያን ዕለት ገና መስማቴ ነው።

"አልሃምዱሊላህ። አንተስ ደህና ነህ፣ ኤቫሪስት?"

ገና ዛሬ የተዋወቁ ሰዎች ነው የሚመስሉት። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው።

ኤቫሪስት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ ሥር ገባ። የቀረውን ዘይት አወረደ። የጥርስ ማውጫውን ጎድጓዳ ሁሉ በግራሶ ሞላው፤ ፍቅፋቂው ግራሶው ላይ እንዲጣበቅና ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ነው። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። ያወጣዋል፣ ይጠርገዋል፣ ደግሞ ይቀባዋል። መሣሪያው ጠሞ ከገባ አዲሱም ጥርስ ጠሞ ይወጣል፣ ያኔ ኮፓው አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ አልቸኮለም። እኔ ሮንዴላውን ይዤ ወደ ግቢው ገባሁ። የአባ ራስማኔ ሚስት ድስት የጣዱበት ፍም ላይ ቀይ እስኪሆን አግዬ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፤ መዳብ እንዲህ ሲሆን ይለሰልሳል፣ ሲጠብቅም ጠብታ አያሳልፍም።

ስመለስ አባ ራስማኔ እየጠየቁ ነበር።

"ይሄን ብሎን መጀመሪያ እንዲህ ያጠበቀው ማነው?"

ሳልፎ መሬት መሬት አየ። ጠዋት መናኸሪያ ላይ በጩኸት የመለሰው ሰው አሁን በሹክሹክታ መለሰ።

"እኔ ነኝ፣ አባባ። ቦቦ ከተማ ዘይት ስቀይር። መንገድ ላይ እንዳይፈታብኝ ብዬ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰካሁበት።"

መኪናዋ ሥር የጥርስ ማውጫው መዞሩን አቆመ። የሚታየኝ የኤቫሪስት እግር ብቻ ነበር፤ የእግሩ ጣቶች ነጠላ ጫማው ላይ ሲኮማተሩ አየሁ።

"ቀጥል፣ ኤቫሪስት" አሉ አባ ራስማኔ።

"እሺ፣ አባቴ" አለ ከሥር፣ ሳቁን እንደምንም ውጦ።

ኮፓውን ከላይ በፈሰሰ ንጹሕ ዘይት አጠበው፤ ነጭ ጨርቅ ከሥር ዘርግቶ የሚያብለጨልጭ ነገር እስኪጠፋ ድረስ አየ። ከዚያ አዲሱን ብሎን በጣቱ ጀመረው፤ እንደ ጤነኛ ብሎን ዞረለት። በመጨረሻ መፍቻ አነሳ። "በእጅ አንጓ ነው እንጂ በትከሻ አይጠበቅም" አለ። ለማን እንደተናገረ አልተናገረም።

በዚህ መሐል የቤቱ እመቤት ለእንግዶች የሚቀመስ ይዘው ብቅ አሉ። ቅል ሙሉ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ነው።

ቅሉን በሳልፎና በኤቫሪስት መሐል አስቀመጡት። ሳልፎ ቅሉን አየ፣ ሰማይን አየ። እኔ መንገዱን አየሁ። ኤቫሪስት እጁን ታጥቦ አንዲት ኦቾሎኒ አነሳ፣ ልጣጯን ቀስ ብሎ ከፈተ፣ በላት። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

"ምን ሆነ ሰውዬው? ጭስ ነው?" አሉ እመቤቲቱ።

"ዘይት ገብቶብኝ ነው፣ እማማ። ጥሩ ኦቾሎኒ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

"አንተስ ልጄ፣ ለምን አትበላም?" አሉት ሳልፎን።

"ጠግቤያለሁ፣ እማማ።"

ቢሳ ኦቾሎኒ እምቢ ሲል አይቻለሁ ብል ኩዱጉ ውስጥ የሚያምነኝ የለም።

አዲስ ዘይት ተሞላ፣ ሞተሩ ተነሳ። አባ ራስማኔ በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በብሎኑ ዙሪያ አዞሩና አዩት። ደረቅ ነው። "ሂድ" አሉት። ሳልፎ ቁጢጥ ብሎ ተሰናበተ፤ ፔጆዋ ሽንኩርቷን ተሸክማ ወደ ቦሮሞ ቀስ ብላ ወጣች፣ መታጠፊያው ላይ ከዓይን ተሰወረች።

የኤቫሪስት ስልክ ወዲያው ጮኸ። ከግቢው ራቅ ብሎ አነሳው።

"አንተ ውሻ በላ! አፌ ተለጉሞ ልሞት ነበር!"

"ቱቦ! ቱቦ ሰካሁ አለ! ኦቾሎኒ እምቢ አለ! ዘርህ ይፍረድብህ!"

የሳልፎ የስልክ ሒሳብ እስኪያልቅ ተሰዳደቡ። ካለቀም በኋላ ኤቫሪስት ብቻውን ትንሽ ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አበጅተናል። ኤቫሪስት ለሳልፎ እውነት የሆነ ነገር ሲኖረው ራሱ አይናገርም። ቶርኖ ቤቴ መጥቶ ይነግረኛል፤ እኔ ቶርኖዬን አጥፍቼ እሄዳለሁ።

"ዞንጎ፣ ምን ይላል?" ይለኛል ሳልፎ።

"የፊት ፍሬን ሸራህ አልቋል ይላል።"

"ይቀየራ።"

ከዚያ ወደየስድባቸው ይመለሳሉ። ሳልፎም ቢሆን ምስጋናውን የሚልከው በእኔ በኩል ነው። አንድ ቀን ከጋራንጎ ሲመለስ ግማሽ ጆንያ ኦቾሎኒ አውርዶ "ለዚያ ሰውዬ ስጥልኝ፣ ከማን እንደሆነ አትንገረው" አለኝ፤ ኤቫሪስት አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ እየሰማ።

ብሎኑ ዛሬም እዚያው ነው። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ኤቫሪስት ጠርጎ ያየዋል፣ በእጅ አንጓው መልሶ ያስረዋል፤ ከሥር ወጥቶም ሳልፎን አልፎ ወደ እኔ ራሱን ይነቀንቃል።

"ደህና ነው ይላል" እላለሁ።